ጨረቃዬ ለምን ነጭ ክብ ብቻ ትሆናለች?

ጥያቄ፦ ዲጂታል ካሜራና 300 ሚሊሜትር ሌንስ አለኝ። ሙሉ ጨረቃን ሳነሳ ግን የሚወጣልኝ ነጭ ክብ ብቻ ነው። ችግሩ ሌንሱ ይሆን?

መልስ፦ ሌንስህ ምንም አልሆነም። ካሜራው ዙሪያውን ጥቁር ሰማይ ስለሚያይ ጨለማ መስሎት ብርሃን ያበዛል፤ ጨረቃ ደግሞ ፀሐይ በቀጥታ የምታበራት ድንጋይ ናት፣ ስለዚህ በቀትር እንደምታነሳው ነገር ቁጠራት። ካሜራውን ማኑዋል ላይ (ሁሉንም ራስህ የምታስተካክልበት) አድርግና በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ በኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ በ1/125 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ጀምር። ከዚያ እያየህ ከፍ ዝቅ አድርገው። ፎከሱንም በእጅህ አስተካክል፤ ስክሪኑ ላይ አጉልተህ የጨረቃ ጠርዝ ጥርት ብሎ እስኪታይ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት ቀስ እያልክ አዙር። ካሜራው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ ከሆነ በ2 ሰከንድ ታይመር አንሳ፣ የጣትህ ንክኪ ብቻ ምስሉን ያደበዝዘዋል።

በ300 ሚሊሜትር ጨረቃ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ 3 ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም። ትንሽ ሆና ብትወጣ አትደንግጥ፣ በኋላ ቆርጠህ አሳድጋት።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ፦ ሙሉ ጨረቃን ብቻ አትጠብቅ። ግማሽ ስትሆን ብርሃኑ ከጎን ይመጣና በብርሃኑና በጨለማው ድንበር ላይ ያሉት ጉድጓዶች ጥቁር ጥላ ይጥላሉ፣ እጅህን ብትሰድ የምትነካቸው ነው የሚመስለው! ያን ጊዜ ብርሃኗ ስለሚቀንስ ፍጥነቱን ወደ 1/30 አውርደው።