ጥያቄና መልስ፦ ትኩስ ውስኪ በቅመም

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ባለፈው ጥር ብርዱ ሲበረታ፣ አየርላንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ ቤት የቀመስኩትን ትኩስ ውስኪ ራሴ ላዘጋጅ ብዬ ውስኪውን ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድ፣ ከዝንጅብልና ከማር ጋር በድስት ለሩብ ሰዓት ያህል አፈላሁት። ሽታው ቤቱን ቢያውደውም መጠጡ ግን መራራ ሆነ፤ የውስኪ ጉልበትም አልነበረውም። ሁለተኛውን ስቀዳ ደግሞ ብርጭቆው ተሰነጠቀብኝ። ለመጪው ገና ስድስት እንግዶች ስለምጠብቅ ትክክለኛውን አሠራር ብትገልጹልኝ ደስ ይለኛል። እግረ መንገዴን፣ በረዶ ለመዛቅ ከመውጣቴ በፊት አንድ ብርጭቆ ብጠጣ ከብርዱ ይጠብቀኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እርስዎ ሳያውቁት የሠሩት የአረቄ አውጪዎችን ሥራ ነው። አረቄ የምታወጣ ሴት ከማሰሮው ሥር እሳት አንድዳ የምትጠብቀው፣ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ተኖ በመቃው በኩል እንዲወርድላት ነው፤ ንጹሕ አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ እስከ 100 ዲግሪ ከሚቆየው ውሃ ይቀድማል። ልዩነቱ እርስዎ መቃም መቀበያም ስላላዘጋጁ እንፋሎቱ በኩሽናዎ ተበትኖ መቅረቱ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ አልኮል የተጨመረበት ምግብ ለ15 ደቂቃ ሲንተከተክ ከአልኮሉ የሚተርፈው 40 በመቶ ያህሉ ሲሆን፣ የፈላው ነገር ከእሳት ወርዶ አልኮሉ ከተጨመረበት ግን 85 በመቶው ይቆያል። በጋዝ ምድጃ ላይ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከጣዕም ያልፋል፤ የአልኮል እንፋሎት ነበልባል ካገኘው ይቀጣጠላልና።

ስለዚህ የሚፈላው ውሃው ብቻ ነው፤ ውስኪው እሳት አያይም።

ለአንድ ብርጭቆ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ በትንሽ ድስት ይጣዱ። የጣት ርዝመት ያላት አንድ የቀረፋ እንጨት፣ ሦስት ስስ የዝንጅብል ቁራጭ፣ እንዲሁም ከቅርፊቱ ተፈልፍሎ በሙቀጫ ደቆስ የተደረገ አራት ወይም አምስት የኮረሪማ ዘር ይጨምሩ። ኮረሪማ በደብሊንም ሆነ በኤድንብራ አሠራር ውስጥ የለም፤ እኔ ግን ከማርና ከውስኪ ጋር አንድ ጊዜ ከቀመስኩት ወዲህ ትቼው አላውቅም። ውሃው ፈልቶ አምስት ደቂቃ ያህል በዝግታ ከተንተከተከ በኋላ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጨምረው፣ ሁለት ደቂቃ ቆይተው ያውርዱት። ምሬቱን ያመጣብዎት በአብዛኛው ይኸው ቅርንፉድ ይመስለኛል፤ ከሌሎቹ ቅመሞች እኩል ሲፈላ ሁሉንም ይውጣል፣ ምላስንም ያደነዝዛል። የተፈጨ ቅመም እንዳይጠቀሙም አደራ እላለሁ፤ ጣዕሙ ቶሎ ቢወጣም ከብርጭቆው ሥር እንደ ቡና አተላ ይዘቅጣል።

ማሩን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ከብርጭቆው ሥር አድርገው በተጠለለው የቅመም ውሃ በደንብ ያሟሙት፤ ውስኪው ቀድሞ ከገባ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ማሩ ቶሎ አይሟሟም። ከዚያ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ በመጨረሻም 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ ይጨምሩ። ከእሳት እንደወረደ 90 ዲግሪ የነበረው ውሃ የቤት ሙቀት ካለው ውስኪ ጋር ሲገናኝ ወደ 75 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ብርጭቆውም የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ ሲጠጡት አፍ አያቃጥልም። እንዲህ የተዘጋጀው መጠጥ 7 ወይም 8 በመቶ ያህል አልኮል ይኖረዋል። ለስላሳ ነው ብለው ሦስቴ ከደገሙት ግን የጠጡት ከ130 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ውስኪ ነው።

ብርጭቆው የተሰነጠቀው ውስጡ በድንገት ሲሞቅ ውጪው ቀዝቃዛ ስለነበር ነው። እኔም በዚሁ ምክንያት አንድ የሚያምር ብርጭቆ አጥቻለሁ። አሁን አስቀድሜ በሙቅ ውሃ አለቀልቀውና የብረት ማንኪያ አኑሬበት ቀስ እያልኩ እቀዳለሁ፤ እጀታ ያለው ወፍራም ብርጭቆ ካለዎት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ስለ ውስኪው ምርጫ ብዙ አይጨነቁ። ውድ የሆነውን ነጠላ ብቅል ውስኪ ማርና ቅርንፉድ ውስጥ መንከር ገንዘብ ማባከን ነው። የአየርላንድ ውስኪ አብዛኛው ሦስት ጊዜ ስለሚጣራ ለስላሳ ነውና ለጀማሪ እመክረዋለሁ። ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ የሚገባበት የአሜሪካው በርበን ጣፋጭነት ስላለው ማሩን በግማሽ ይቀንሱለት። ጭስ ጭስ የሚለው የስኮትላንዷ አይላ ደሴት ውስኪ ግን በእኔ ምላስ ከኮረሪማ ጋር ይጣላል። ባልደረባዎ መጠጡን «ሆት ቶዲ» ብለውት ከነበረ፣ ስሙ የመጣው ከቶድ ሐኪም ነው የሚል ወሬ አብሮ ሳይነግሩዎት አልቀሩም። ሮበርት ቤንትሊ ቶድ የተባለ የደብሊን ተወላጅ ሐኪም በእርግጥ ነበረ፤ ሆኖም የተወለደው በ1809 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቃሉ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚሁ ትርጉም ሲሠራበት ቆይቷል። ምንጩ ከዘንባባ የሚቀዳ መጠጥ መጠሪያ የሆነ የሕንድ ቃል ነው።

ለስድስቱ እንግዶችዎ የቅመሙን ውሃ በስድስት እጥፍ አፍልተው፣ ቅርንፉዱን ግን ከስምንት ፍሬ ሳያሳልፉ፣ በፔርሙዝ ያቅርቡት። ውስኪው፣ ማሩና ሎሚው ጠረጴዛው ላይ ይሁን፤ የማይጠጣ እንግዳም ከዚያው ፔርሙዝ ይቀዳለታል።

በረዶ ከመዛቅዎ በፊት ግን አይጠጡ። አልኮል ለቆዳ ቅርብ የሆኑትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ፊትና እጅዎ ይሞቃሉ፤ ያ ሙቀት የመጣው ከውስጥ አካልዎ ስለሆነ በውጪው ብርድ ይባክናል፣ አካልዎም ሳይታወቅዎ ይቀዘቅዛል። ዝቀው፣ ገብተው፣ ጫማዎን አውልቀው ይጠጡት።

ጥያቄ፦ እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። በሐምሌው ብርድ ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ ውስኪ በማርና በሎሚ አሙቀሽ ጠጪ ትለኛለች። በእርግጥ መድኃኒት ነው? በስንት መጠንስ ልሥራው?

መልስ፦ እናትዎ በከፊል ልክ ናቸው። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 30 ጉንፋን የያዛቸው ሰዎች የፍራፍሬ መጠጥ ጠጥተው ነበር፤ በትኩሱ የጠጡት ከሳልና ከንፍጥ ሌላ ከጉሮሮ ሕመም፣ ከብርድ ብርድ ማለትና ከድካምም ፋታ ሲያገኙ፣ ያንኑ ሳይሞቅ የጠጡት ግን ይህን ሁሉ አላገኙም። መጠጡ ውስኪ አልነበረበትም፤ ያገለገለው ሙቀቱ ነው። በተለይ ፓራሲታሞል ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ የጉንፋን መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ውስኪውን ይተዉት፤ የመጀመሪያው ከአልኮል ጋር ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፣ ሁለተኛው ድብታውን ያብሳል። በቤት ውስጥ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለም ማር ያለበትን አያቅምሱት።

መጠኑ ከላይ ለሚኒያፖሊሱ ጠያቂ የገለጽኩት ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይለወጣል። ከተማዎ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ቀረፋውንና ዝንጅብሉን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ጨምረው ያንተክትኩት። የእኛ አገር ትንሿ ሎሚ ደግሞ ከትልቁ የፈረንጅ ቢጫ ሎሚ ይልቅ ስለምትኮመጥጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ልጣጯን አብረው አያፍሉት፣ ይመራል።