የደነዘዙ ጣቶች፣ ዝም ያለ ባልና አንዲት መዥገር

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምንኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። እኔ 41፣ ባለቤቴ 47 ዓመታችን ነው። ጁላይ አጋማሽ ላይ፣ ከሦስት ወር በኋላ ማለት ነው፣ በብስክሌት ከፓሳው ተነሥተን የዳኑብን ወንዝ ዳር ይዘን እስከ ቪየና፣ አቅም ካገኘንም እስከ ቡዳፔስት ልንሄድ አስበናል። ማደሪያችን ድንኳን ነው። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ለልምምድ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ጫካ ዳር አደርን። ስንመለስ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ደነዘዙ፤ አራት ቀን ሆኖኝም አሁንም ውርር ያደርገኛል። ከጉልበቴ በስተኋላ ደግሞ መዥገር ተጣብቃ አገኘሁ። እናቴን በስልክ ብጠይቃት “ቅቤ ቀቢያት፣ ራሷ ትለቃለች” አለችኝ። ቅቤ ስላልነበረኝ ዘይት ቀብቼ ነቀልኳት። ባለቤቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ደህና ነኝ ይላል እንጂ ሲነዳ አሥር ጊዜ ከኮርቻው ብድግ ሲል አይቼዋለሁ። ጉዞውን እንተወው ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አትተዉት። ግን መጀመሪያ ስለ መዥገሯ ላውራ፤ ቀን የሚቆጠርለት ጉዳይ እሱ ነው።

ያደግሁት ከብት ባለበት ግቢ ነው። ላሞቹ ሲተኙ ዶሮዎቹ ከጡታቸው ሥር መዥገር ሲለቅሙ እያየሁ ስላደግሁ የእናትዎ ምክር ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። ያ መዥገር ግን ደም ጠጥቶ ያበጠ፣ ከሩቅ የሚታይ ነው። እዚያ እናንተ አገር ጫካ ውስጥ ሰው ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ገና ያላደገው ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ቢተልቅ ነው። ሲነክስም አያምም። ዘይት፣ ቅቤ፣ ላምባ ወይም የተለኮሰ ክብሪት ሲያስጨንቃት በሆዷ የያዘችውን ወደ ቁስሉ ልትተፋው ትችላለች። ስለዚህ ከእንግዲህ ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ይያዙ። ከቆዳዎ ጋር በተገናኘችበት ቦታ፣ ሆዷን ሳይጨምቁ ይያዟትና ቀጥ አድርገው ቀስ ብለው ይሳቧት። ከአፏ ቁራጭ ቢቀር አይደንግጡ፤ እንደ እሾህ ስባሪ ቆዳው ራሱ ያወጣዋል።

እዚያ አካባቢ መዥገር የምታመጣው በሽታ በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው “ላይም” (Lyme) የሚባለው በሽታ ነው፤ ጀርመኖች ቦሬሊዮዘ ይሉታል። ተሕዋሲው የሚኖረው በመዥገሯ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ወደ ሰው ለመተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ በባትሪ መብራት ብትፈታተሹ ትርፉ ይህ ነው። ከጉልበት ኋላ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ የቀበቶ ሥር፣ ከጆሮ ጀርባ፤ ፀጉርዎ ሹሩባ ከሆነ ደግሞ በመስመሮቹ መካከል ጭምር እዩ። ለላይም በሽታ ክትባት ባይኖርም በጊዜ ከታወቀ በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ችግሩ በጊዜ ማወቁ ላይ ነው። ምልክቱ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በንክሻው ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ነው፤ ስለ በሽታው በሚታደለው በራሪ ወረቀት ላይ የምታዩት ፎቶ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የነጭ ሰው እግር ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ያለ ወይም የበለዘ መስሎ ስለሚወጣ “ተመትቼ ይሆናል” ተብሎ ይታለፋል። ፎቶው ላይ እንዳለው ያለ ቀይ ክብ እየጠበቁ ሳምንታት ማሳለፍ አያስፈልግም። በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ቦታው መልኩን ከቀየረ ጠርዙን በእስክሪብቶ ያክብቡት፤ በማግስቱ ከመስመሩ ካለፈ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ወዲያው ወጥቶ በሁለት ቀን የሚጠፋ ትንሽ የሚያሳክክ እብጠት ግን የንክሻው ቁጣ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኤፍ ኤስ ኤም ኢ የሚሉት የአንጎል ብግነት ነው። ይሄኛው ቫይረስ ስለሆነና በመዥገሯ ምራቅ ውስጥ ስላለ ቶሎ ብትነቅሏትም አያስጥልም። የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ያለው ክትባት ነው። ደቡብ ጀርመንም ኦስትሪያም የበሽታው ቀጠና ናቸው፤ እናንተ በቀጠናው ውስጥ ስለምትኖሩ ጉዞ ባይኖርም ልትከተቡ ይገባ ነበር። በተለመደው አሰጣጥ ሁለተኛው መርፌ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከጀመራችሁ ለጁላይ ይደርስላችኋል፤ ሦስተኛው ከጉዞው በኋላ ይሰጣችኋል። እርስዎ የተነከሱበትን ቀን ለቤተሰብ ሐኪምዎ ይንገሩት፤ መርፌውን መቼ እንደሚጀምርልዎ እሱ ይወስናል። እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት መጥቶ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ከከባድ ራስ ምታት ወይም ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ይህን የምልዎ እንዲያውቁት ነው፤ አብዛኞቹ ንክሻዎች ምንም ሳያስከትሉ ያልፋሉ።

አሁን ወደ ጣቶችዎ። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት የሚሰሙት በአንድ ነርቭ ነው፤ እሱም በመዳፍዎ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያልፋል። መሪውን ሲደገፉ ክብደትዎ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። አንድ ነገር ይሞክሩ፦ ወረቀት በአውራ ጣትዎና በአመልካች ጣትዎ ጎን መካከል ይያዙና ባለቤትዎ ይሳቡት። ግራው አጥብቆ ይዞ ቀኙ ከለቀቀ፣ ወይም ላለመልቀቅ የአውራ ጣቱ ጫፍ ከታጠፈ ጡንቻውም ተነክቷልና ይታዩ። ወረር ማለት ብቻ ከሆነ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይተዋል። እስኪተውዎ ረጅም መንገድ አይንዱ። መሪውን ከፍ ያስደርጉ፤ ስፖንጅ ያለው ጓንት ያድርጉ፤ የእጅዎን አያያዝ በየአሥር ደቂቃው ይቀይሩ። ሌሊትም ክርንዎን አጥፈው አይተኙ፤ ያው ነርቭ ክርን ላይም ይጨነቃል።

ባለቤትዎ ደግሞ ደህና አይደሉም፤ ብልታቸው አካባቢ ደንዝዞባቸው ነው። ክሊኒክ የሚመጡ ብስክሌት ነጂ ወንዶች ስለ ጉልበታቸው ግማሽ ሰዓት አውርተው ይህን የሚናገሩት በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ነው። ኮርቻው በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ነርቭና የደም ሥር ስለሚጫን ነው። ሜዳ መንገድ ያባብሰዋል፦ ዳገት ቢሆን ሰው ሳያስበው ብድግ ይላል፤ ከፓሳው እስከ ቪየና ግን ወደ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሞላ ጎደል ሜዳ ስለሆነ ተቀምጦ መዋል ነው። ስለዚህ ብድግ ማለታቸው ልክ ነበር፤ ይቀጥሉበት። ሱቅ ሄደው የመቀመጫ አጥንታቸው ተለክቶ የሚመጥን ኮርቻ ይግዙ፤ ስፖንጅ የተሰፋበትን ቁምጣ ያለ ውስጥ ሱሪ ይልበሱ። ከብስክሌት ከወረዱ በኋላ የማይለቅ መደንዘዝ ካለ ይታዩ።

የግፊት መድኃኒታቸው ውስጥ ሽንት የሚያበዛ ካለ በሙቀት ቀን ላብ ሲጨመርበት ሲነሱ ሊያዞራቸው ይችላል። በራሳቸው አያቁሙት፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢይዛቸው ምን እንደሚያደርጉ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። የጤና መድን ካርዳችሁ ጀርባው የአውሮፓ ካርድ ከሆነ ኦስትሪያም ሃንጋሪም ይሠራል፤ የድንገተኛ ጥሪው 112 ነው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። በመንገድ ላይ ገበሬ ቤት አጠገብ ስታድሩ ትኩስ የፍየል ወተት ይቀርብላችሁ ይሆናል። የአንጎል ብግነቱ ቫይረስ ባልተፈላ የፍየልና የበግ ወተትም ይተላለፋል። ምድጃ መያዛችሁ አይቀርም፤ አፍልታችሁ ጠጡ።