ሲያቃጥል «ሥራውን እየሠራ ነው» አይበሉ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዘዞ ነው። ከወለድኩ አራት ወር ከግማሽ ሆነኝ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ በግንባሬ በኩልማ ሳስቷል። የአክስቴ ልጅ ከመተማ የሕንድ ዱቄቶች አመጣችልኝ፤ አምላ፣ ሺካካይ፣ ብሪንግራጅ እና አንድ ጥቁር ሂና። ሂናውን ሁለት ጊዜ ተቀባሁት። መጀመሪያ ምንም አላደረገኝም። በሁለተኛው ግን ራሴን አቃጠለኝ። በማግስቱ ጆሮዬ አካባቢ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ፤ ዐይኔም አበጠ። «ሲያቃጥል ሥራውን እየሠራ ነው» ስላሉኝ ታገስኩ። ከፋርማሲ ቅባት ገዝቼ እየተቀባሁ ነው፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ከአምላው ደግሞ ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ በማር እየላስኩ ነው። ሂናውን ከየትኛው ዱቄት ጋር ብቀላቅለው አያቃጥለኝም? በሳምንት ስንት ጊዜስ ልቀባ? የእናቴም ፀጉር የሳሳው በኔ ዕድሜ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ። የጠየቁኝ ስለ ዱቄት ነው። ሆድዎን የበላዎት ግን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትመስለኛለች። «እንደ እናቴ ልሆን ነው ወይ?» ነው ያሉኝ። ከዚህ መርገፍ ራሰ በራ አይሆኑም።

በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኑ ፀጉርን ይዞ ያቆየዋል። ሰው በየቀኑ ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር ይረግፍበታል፤ ነፍሰ ጡር ስትሆኑ ግን ብዙው ሳይረግፍ ይከርማል። ከወሊድ በኋላ ያ የተጠራቀመው አንድ ላይ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ይጀምራል። እርስዎ አሁን በሚብስበት ሰዓት ላይ ነዎት። ልጅዎ ዓመት ሲሞላው አብዛኛው ይመለሳል። በዘር የሚመጣው መሳሳት ደግሞ ቀስ ብሎ በዓመታት የሚመጣ ነው፤ እንዲህ በእፍኝ አይረግፍም።

አንድ ነገር ያድርጉ። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን አንድ ፀጉር ያንሱና መስኮት ጋ ሄደው ሥሩን ይዩት። ጫፉ ላይ የስፌት መርፌ ጫፍ የምታክል ነጭ ነጥብ አለች? ያ ዕድሜውን ጨርሶ የወጣ ፀጉር ነው። የወጣበት ጉድጓድ አልሞተም፤ ሌላ ያበቅላል። በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የሚያድገው፣ ለውጡን ለማየት ወራት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ማቃጠሉ እንሂድ። ይህን «ሥራውን እየሠራ ነው» የሚባል ነገር ከክፍሌ ሳልሰማ የምወጣበት ሳምንት የለም። ቆዳ አፍ የለውም፤ የሚናገረው በማቃጠልና በማሳከክ ነው። የሚለውም «አንሱልኝ» ነው። ፀጉር የሚያበቅል፣ እያቃጠለም መታገስ የሚገባን ዱቄት የለም። እናቶቻችን ቅቤ ሲቀቡን አቃጠለን እንዴ?

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አንዲት ወጣት እህቷ እጇን ይዛ አመጣቻት። ነጠላዋን ስትገልጥ ሁለቱም የዐይኖቿ ሽፋኖች አብጠው ተጋጥመዋል። ከጆሮዋ ጀርባ የወረደው ቢጫ ፈሳሽ ደርቆ ነጠላው ተጣብቆባታል፤ ለማላቀቅ በጨውና ውኃ ማራስ ነበረብን። አራት ቀን ቤት ተቀምጣለች። ለምን ስላት ያንኑ ነው የነገረችኝ። እሷም ጥቁር ሂና ነው የተቀባችው።

ሂና ቅጠል ነው። ደርቆ ሲፈጭ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ድርቆሽ ድርቆሽ የሚል ዱቄት ይሆናል። በለብ ያለ ውኃ ተለውሶ ሲቆይ ብርቱካናማ ቀለም ያወጣል። ፀጉር ላይ ሰዓታት ቆይቶ የሚሰጠው ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ነው። እንሶስላ የሞቁ ሰዎች ምን ዓይነት ቀለም እንደምል ያውቃሉ። ጥቁር ቀለም የሚሰጥ የሂና ተክል የለም። ሕንዶች ጥቁር ሲፈልጉ ሂናውን አጥበው ኢንዲጎ የሚባል የሌላ ተክል ቅጠል ይደግሙበታል። በግማሽ ሰዓት ድቅድቅ አድርጎ የሚያጠቁር ፓኬት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ፓራፊኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ፣ የሚባል ኬሚካል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ፀጉር ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ ቆዳ ላይ በቀጥታ መቀባቱማ ክልክል ነው። ገበያ ላይ በተሸጠ ፓኬት ውስጥ ስንት እንዳለ ማን ለካው? ጎረቤታችን ሱዳን ሂናው ቶሎ እንዲጠቁር ይኸው ኬሚካል ይቀላቀልበታል። የሱዳን ሐኪሞች በዚህ የተነሳ ፊትና አንገታቸው አብጦ ትንፋሽ ያጠራቸውን፣ በተለይ በአፍ የገባባቸውን ደግሞ ኩላሊታቸው የከሸፈባቸውን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲያክሙ ኖረዋል።

መጀመሪያ ስቀባ ምንም አላደረገኝም ብለዋል። አለርጂ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰውነትዎ ተዋወቀው፤ በሁለተኛው ለየውና ተነሳበት። ከእንግዲህ አይረሳውም። ሦስተኛ ቢሞክሩ ቶሎና አብዝቶ ይመጣል። ስለዚህ ከአምላ ጋር ቢለውሱት፣ ከእርጎ ጋር ቢለውሱት ለውጥ የለውም። ፀጉር ቤት የሚቀቡት ጥቁር ቀለምም ብዙ ጊዜ ያው ፒፒዲ ስላለበት ለፀጉር ሠሪዎ «የፒፒዲ አለርጂ አለብኝ» ብለው ይንገሯት። ጥርስ ሊያስነቅሉ ወይም ሌላ ሕክምና ሲሄዱም ይንገሩ፤ አንዳንድ ማደንዘዣ ከዚህ ኬሚካል ጋር ይዛመዳል።

ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ ካበጠ፣ ድምፅዎ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ወይም ሽንትዎ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ነገ አይበሉ። በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይጥሩና ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ዘጠኝ ቀን! ዐይንዎ አብጦ ዘጠኝ ቀን፣ ያውም የሚጠባ ልጅ ይዘው። ቅባቱስ ምንድን ነው? ስሙን እንኳ አልጻፉልኝም። ለሽፍታ እየተባሉ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል፣ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት አላቸው። እኔም ለእርስዎ ስቴሮይድ ላዝ እችላለሁ፤ ግን የትኛውን፣ የት ላይ፣ ለስንት ቀን ብዬ ነው። ጠንካራው ዐይን ሽፋን ላይ ሲቆይ የዐይን ግፊት ይጨምራል። መግል ያለው ቁስል ላይ ብቻውን ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽኑን ያባብሰዋል። እባክዎ፣ ሐኪም ያላዘዘው ቅባት ይብቃ።

የአምላውን ማንኪያም ዛሬውኑ ያቁሙ። አምላ ፍሬው ሕንድ ውስጥ የሚበላ ነው፤ በእሱ ጠብ የለኝም። የእርስዎ ግን ለፀጉር የተሸጠ ዱቄት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቦስተን አካባቢ ተሸጠው ከተመረመሩ 70 የሚዋጡ የአዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ የተባሉ መርዛማ ማዕድናት ተገኝተዋል። እርሳስ ወደ ጡት ወተት ያልፋል። እስካሁን ለላሱት አይደንግጡ፤ ማጥባቱንም አያቋርጡ። ለሚያይዎት ሐኪም ብቻ ይንገሩ።

«ተክል ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እንዶድም ተክል ነው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሲያዩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ሺካካይም እንደ እንዶድ አረፋ የሚያወጣ፣ የሕንዶች የፀጉር ማጠቢያ ነው። ዐይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ በደንብ ሲለቀለቅ ግን ፀጉርን ያጸዳል። አምላና ብሪንግራጅ የወጣውን ፀጉር ሊያለሰልሱ ይችላሉ። የወሊድን መርገፍ ማቆማቸው ግን አልተረጋገጠም። ቁስሉ ከዳነ ከወር በኋላ ካማረዎት አንዱን ብቻ ይምረጡ፣ ክንድዎ እጥፋት ላይ ትንሽ ይቀቡና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ካላሳከከ በሳምንት አንዴ ይበቃል።

እስከዚያው በለብ ያለ ውኃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሻምፑ ይታጠቡ። ሹሩባ አይሠሩ፤ የሳሳውን ለመሸፈን ጥብቅ አድርገው ካሠሩትማ በግንባር በኩል ያለው ተነቅሎ ሊቀር ይችላል። የደም ማነስም እንዲታይልዎት ይጠይቁ። ከወሊድ በኋላ የተለመደ ነው፤ ፀጉርንም ያረግፋል።

ነገ ጠዋት ቆዳ ሐኪም ጋ፣ ካልሆነም ቅርብዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቅባቱንና የሂናውን ፓኬት ይዘው ይሂዱ፤ ባዶም ቢሆን።