መልስ፦ ሆረር ፊልም ላይ ሰዎቹ ለምን ሁሌ ይለያያሉ?
"ለምን ተያይዘው አይወጡም" ላልከው፣ ተያይዘው ከወጡማ ፊልሙ በ20 ደቂቃ አለቀ በቃ ሃሃ። ሰው ብቻውን ሲሆን ነው የሚፈራው፣ ስለዚህ ደራሲው መጀመሪያ ይበትናቸዋል ከዛ መብራት ያጠፋል፣ ሞባይል ከመጣ ወዲህ ደግሞ ስራ በዛበት፣ ወይ ኔትወርክ የለም ወይ ባትሪ አለቀ ማለት ግዴታ ሆነ። የሚያስደነግጥህ ግን ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ነው፣ ጸጥ ያደርጉትና ጆሮህን ቀስረህ ስትጠብቅ ድመት ዘላ ትወጣለች፣ ኡፍ ብለህ ስትረጋጋ ዋናው ይመጣል። ድምፁን አጥፍተህ ሞክረው፣ ግማሹ ፍርሃት የለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ስክሪም የሚባል ሆረር ፊልም ላይ ገጸ ባህሪዎቹ ራሳቸው እንዲህ ያሉ የሆረር ፊልም ህጎችን እየዘረዘሩ ይቀልዱባቸዋል፣ ካላየኸው እየው። ገዳዩ ሞቷል ብለው ጀርባቸውን የሚሰጡት ነገር ግን እኔንም እስካሁን ያናድደኛል