ስምንት ሰዓት ተኝተሽም ደክሞሽ ለምትነሺው

እህቴ፣ «በቂ እንቅልፍ እተኛለሁ፣ ግን ደክሞኝ ነው የምነሳው፤ ቫይታሚን ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ግን ከቫይታሚኑ በፊት ምርመራ እልሻለሁ። ድካሙ ሳምንታት ካለፉት ሐኪም ጋ ሂጂ። እባክሽ ስንፍና ነው ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

ቀድሜ የምጠረጥረው የአይረን እጥረትን ነው። የወር አበባቸው በብዛት በሚፈስ ሴቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ሄሞግሎቢንሽ (በደምሽ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ደህና ሆኖ እንኳ የአይረን ክምችትሽ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ከተለመደው የደም ምርመራ ሌላ የአይረን ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን እንዲታይልሽ ጠይቂ። እጥረቱ ተረጋግጦ ኪኒን ከታዘዘልሽ፣ ከሻይና ከቡና ጋር አትውሰጂው፤ አይረኑ በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉ። ሳይመረመሩ ዝም ብሎ መዋጥ ግን አልደግፍም፤ አይረን ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል።

ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ)፣ ስኳርና ቫይታሚን ቢ12 አብረው ቢታዩ ጥሩ ነው።

ሌላው የእንቅልፉ ጥራት ነው። ታንኮራፊያለሽ? ተኝተሽ ሳለ ትንፋሽሽ ቆም እንደሚል የነገረሽ ሰው አለ? ጠዋት ራስሽን ያምሻል? ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሪው እንዳትወጪ፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ለዓመታት ይደክማል። ቡናም ከምሳ በኋላ ቢቀር ይሻላል። ካፌይን ከተጠጣ 5 ሰዓት ገደማ ካለፈው በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ አለ።

ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ ድብርትም ሊሆን ይችላል። እሱም ይታከማል፣ አትደብቂው።

የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ታዪ።