ሥራ አጥቼ ሚስቴ ናት የምታስተዳድረኝ፤ መቁረብ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር አይለይዎ። በውጭ እርዳታ በሚንቀሳቀስ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ፕሮጀክቱ ተዘጋና ከሥራ ወጣሁ። ሚስቴ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ የቤት ኪራዩንም የሁለቱን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያም አሁን የምትችለው እርሷ ናት። ለዘመን መለወጫ ዘይትና ዶሮ ይዛ ስትገባ «ይህን ደግሞ ማን ሰጠሽ?» አልኳት። መሥሪያ ቤቷ ለሠራተኛ ሁሉ ያደለው ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ተኳርፈናል፤ እኔ ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ የምተኛው ሳሎን ነው። ከስንብት ክፍያዬ የተረፈውን ለክፉ ቀን ብዬ እርሷ በማታውቀው ሒሳብ አስቀምጫለሁ። የተጋባነው በቁርባን ነው። ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ከማያምን ሰው ይልቅ የከፋ ነው የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። በዚህ ሁኔታ መቁረብ እችላለሁ? ከስንብት ክፍያውስ ዐሥራት ይወጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንቅልፍ በነሣህ ቃል እንጀምር። ሐዋርያው በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ይህን የተናገረው የመበለቶችን ነገር ሲያነሣ ነው፤ ልጅና የልጅ ልጅ እያላቸው ጧሪ ስላጡ እናቶች። ደግሞም «የማያስብ» ይላል እንጂ «የማያገኝ» አይልም። ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ማሰብ አላነሰውም።

ደብዳቤህን ሳነብ መጽሐፈ ጦቢት ትዝ አለኝ። ጦቢት በነነዌ ለንጉሥ ዕቃ ገዢ የነበረ፣ ቤቱ የሞላ፣ ለድሃ የሚመጸውት ሰው ነው። ሙታንን በመቅበሩ ሀብቱን ተወረሰ፤ በኋላ ደግሞ ዓይኑ ጠፋ። ሚስቱ ሐና የእጅ ሥራ እየሠራች ታኖረው ጀመር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ደመወዟን ከፍለው የፍየል ጠቦት መረቁላት። ጠቦቱ ቤት ገብቶ ሲጮኽ ጦቢት ሰማ፤ ከየት መጣ፣ የተሰረቀ እንዳይሆን፣ ለባለቤቱ መልሺ አላት። መርቀው ሰጡኝ ብትለው አላመናትም። እርሷም ያ ሁሉ ምጽዋትህና ጽድቅህ ታዲያ የት አለ? አለችው። ያንተዋ ስለ ዶሮው ምን እንደመለሰች አልጻፍክልኝም።

ይህን ያደረገው ጻድቅ የተባለ ሰው መሆኑን አትርሳ። ሲሰጥ ለኖረ እጅ መቀበል ይከብዳል፤ ጦቢትን ያናገረው ይህ ይመስለኛል። ከባሎች ብዙ ኑዛዜ ሰምቻለሁ፤ ቁጣቸውን ይናገራሉ፣ ይህችን ግን ይውጧታል።

ሳሎን መተኛትህን በጾም አታሳብብ። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ተፈቷል፤ ዶሮው የመጣው ለመስከረም 1 ነው። ለጾም የተለየ መኝታ ጾሙ ሲፈታ ይገናኛል። ቅዱስ ጳውሎስም የፈቀደው ተስማምታችሁ፣ ለጊዜው ብሎ ነው።

ሥራ ማጣት ከቁርባን አይከለክልም፤ ቂም ግን ይከለክላል። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሏል። ስለ ዶሮው ይቅርታ ጠይቃት፤ ከዚያ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ንስሓ አባታችሁ ሂዱ። ብቻህን ሄደህ ያንተን ወገን ብቻ እንዳታሰማ።

የተደበቀው ገንዘብ ይብሳል። ጦቢትም እኮ ነበረው! በሜዶን አገር ገባኤል ዘንድ ያስቀመጠው ዐሥር መክሊት ብር። ሐና ለሰው እየሠራች ስታኖረው ያ ብር እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ትዝ ያለው ሞትን ከለመነ በኋላ ነው። እርሱስ ረስቶ ነው፤ አንተ የሒሳብ ቁጥሩን በቃልህ ታውቀዋለህ። ለመሆኑ ሚስትህ የመስከረሙን የትምህርት ቤት ክፍያ ከየት አምጥታ እንደከፈለች ጠይቀሃታል? ከዕቁብ ይሁን ከብድር ታውቃለህ? ለክፉ ቀን ነው ያስቀመጥኩት ትላለህ፤ ይህ ካልከፋ የትኛው ቀን ሊከፋ ነው?

ዐሥራቱን በተመለከተ፣ የስንብት ክፍያ ዘጠኝ ዓመት የደከምክበት ዋጋ ነውና ይወጣለታል። ምንም ባልገባበት ወር አትጨነቅ፤ ከሌለ ነገር ዐሥራት አይወጣም። ስንት እንደሚሆን ግን ብቻህን አታስላው፤ ከእርሷ ጋር ተቀምጣችሁ አስሉት። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ገንዘቡ መኖሩን ማወቅ አለባት።