የአሜሪካ ሠራተኛ የራሱን ፓርቲ ለምን አላቆመም?

ጥያቄ፦ አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነው የሠሩት። ከዚራ ስናድግ የሠራተኛ ማኅበር ወሬ ከቤታችን አይጠፋም ነበር። እንግሊዝ ሌበር ፓርቲ አላት፣ ሥልጣንም ይዞ ያውቃል። አሜሪካ ያ ሁሉ ፋብሪካ እያላት የሠራተኛው ፓርቲ ያልቆመው ለምንድን ነው? ሠራተኛው ፈርቶ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍርሃትስ አይደለም። ፊላደልፊያ ላይ በ1828 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሠራተኞች ፓርቲ ተቋቁሟል፤ የእንግሊዙ ገና በ1900 ነው የመጣው። በ1886 ደግሞ የኒው ዮርክ የሠራተኛ ማኅበራት ፓርቲ አቁመው ሄንሪ ጆርጅ የሚባለውን ጸሐፊ ለከንቲባነት አቀረቡ። 68,000 ያህል ድምፅ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነውን ቴዎዶር ሩዝቬልትን ሳይቀር በለጠው። በዓመቱ ግን ፓርቲው ውስጥ ከነበሩት ሶሻሊስቶች ጋር ተጣላ፣ ፓርቲውም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

ለምን አልጸናም? ለእኔ ትልቁ ምክንያት ሰፈር ነው። ሰውየው ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ነው፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን አይሪሽ ነው፣ ጀርመን ነው፣ ጣሊያን ነው። እዚያ ሰፈር ደግሞ ታማኒ ሆል የሚባለው የዲሞክራቶች ድርጅት ሰው አለው። ልጅህን ማዘጋጃ ቤት የሚያስቀጥር፣ በክረምት ከሰል የሚልክ፣ ስትታሰር ዋስ የሚሆን፣ ለቅሶ የሚደርስ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሳይተከል የሚደርሰውን ሰው አስበው፤ በምርጫ ቀን ድምፅህን ቢጠይቅህ እንዴት እምቢ ትለዋለህ? አዲሱ ፓርቲ የያዘው መርህ ነው፣ የሚሰጠው ሥራ የለውም።

የምርጫ መብቱም ነገር አለ። እንግሊዛዊው ሠራተኛ በ1867 እና በ1884 ሕጎች ነው ቀስ በቀስ ያገኘው፣ ትግሉም አንድ አድርጎታል። ነጩ አሜሪካዊ ወንድ ግን ፋብሪካው ሳይስፋፋ በፊት ይመርጥ ስለነበር፣ ነባሮቹ ፓርቲዎች ቀድመው ወሰዱት። በአሜሪካ ምርጫ ሁለተኛ የወጣ ደግሞ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። የማኅበራቱ መሪ ሳሙኤል ጎምፐርስም የራሳችን ፓርቲ ይቅር፣ ወዳጆቻችንን እንምረጥ፣ ጠላቶቻችንን እንቅጣ ባይ ነበር።

ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በ1901 የማኅበራቱ ፓርቲ አሸንፎ ነበር፣ በሙስና ተበላሸ እንጂ። እዚያው ከተማ ቀደም ብሎ የተነሳው የሠራተኞች ፓርቲ ደግሞ ቻይናውያን ሠራተኞችን አሳደደ። ይህን ሳስበው በጣም ያሳዝነኛል፣ ወንድሙን እያባረረ የምን የሠራተኛ ፓርቲ ነው?

ሚልዋኪ በምትባለው ከተማ ግን የሶሻሊስቶቹ ፓርቲ ቆይቷል። እዚያ ሶሻሊስቶቹ ከማኅበራቱም ከጀርመኖቹ ሰፈርም ጋር አብረው ነው ያደጉት፣ የራሳቸውም ጋዜጣ ነበራቸው። ስለ ፍሳሽ መስመር፣ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ መናፈሻ ይጨነቁ ነበር። የእነሱ ሰው ዳንኤል ሆን ከ1916 እስከ 1940 ከንቲባ ሆኖ የቆየው በዚያ ነው።